ስትሮየት ስንት ዓመቱ ነው? ስለ ኮፐንሃገኑ አሮጌ መንገድና ስለ ቤቶቹ ዕድሜ

ጥያቄ፦ «ኮፐንሃገን ውስጥ ስትሮየት በሚባለው የገበያ መንገድ አስጎብኚ ይዞን ሲያልፍ ሦስት ነገር ነገረን። መንገዱ የመካከለኛው ዘመን ነው፤ ቤቶቹም የዚያው ዘመን ናቸው፤ በዓለም የመጀመሪያው የእግረኛ መንገድም ይኸው ነው አለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው? በመንገዱ ላይ ያለ የአንድ ቤት ታሪክስ ከየት ተነሥቶ ይጣራል?»

መልስ፦ ከሦስቱ እውነት የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በከፊል። የመንገዱ መስመር በእርግጥ የመካከለኛው ዘመን ነው። በግራና በቀኝ የቆሙት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ከ1728 እና ከ1795 ታላላቅ ቃጠሎዎች በኋላ የተሠሩ ናቸው። የእግረኛ መንገድነቱ የጀመረው በ1962 ሲሆን ከዚያ በፊት ሌሎች ከተሞች ቀድመውታል። መስመሩ፣ ቤቶቹ፣ ስሙና የእግረኛ መንገድነቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚመጣው የአንዱን ዕድሜ ለሌላው ከመስጠት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ ልጀምር፤ ማጣራት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ስትሮየት የሚባል አድራሻ የለም። ቃሉ ሰዎች ወዲያና ወዲህ የሚንሸራሸሩበት ሥፍራ ማለት ነው፤ ለዚህ መስመር መጠሪያ የሆነውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። መስመሩ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የተለያዩ መንገዶችና አደባባዮች ተቀጣጥለው የሠሩት ነው። ከከተማው አዳራሽ አደባባይ ከሮድሁስፕላድሰን ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መጀመሪያ ፍሬዴሪክስቤርጋዴን ያገኛሉ። ቀጥሎ መንገዱ በጋመልቶርቭና በኒቶርቭ አደባባዮች መካከል ያልፋል። ከዚያ ኒጋዴ፣ ቪመልስካፍተት፣ አማገርቶርቭ፣ በመጨረሻም ኦስተርጋዴ ይመጡና ኮንገንስ ኒቶርቭ ላይ ያበቃል። «ጋዴ» መንገድ፣ «ቶርቭ» የገበያ አደባባይ ማለት ነው። መዝገብ ቤት ገብቶ «ስትሮየት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ቤቱ ከእነዚህ ስሞች በየትኛው ሥር እንዳለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስሞቹ ራሳቸው ማስረጃ ናቸው። ኦስተርጋዴ የምሥራቅ መንገድ ማለት ነው፤ ወደ አሮጌው የምሥራቅ በር ይወስድ ስለነበር ነው። በሩ የነበረው ዛሬ ኮንገንስ ኒቶርቭ ባለበት አካባቢ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማው ሲሰፋ በሩ ከዚያ ተነሣ፣ ስሙ ግን ቀረ። ኮንገንስ ኒቶርቭን ንጉሥ ክርስቲያን 5ኛ ያስጀመረው በ1670 ነው። ቪመልስካፍተት የሚለው ስም ደግሞ የመጣው ከአናጢ ዕቃ ነው፤ በእጅ እየተሽከረከረ እንጨት የሚበሳው መሰርሰሪያ እጀታ ማለት ነው። እጀታው ጠማማ ነው፤ መንገዱም እንደዚያው ስለሚጠመዝዝ በእርሱ ተሰየመ። አማገርቶርቭ የአማገር ገበያ ነው። ክርስቲያን 2ኛ በ1521 ከኔዘርላንድ አምጥቶ በአማገር ደሴት ያሰፈራቸው ገበሬዎች አትክልታቸውን የሚሸጡት እዚህ ነበር፤ ገበያው ወደ ክርስቲያንስሃውን የተዛወረው በ1868 ነው። ፍሬዴሪክስቤርጋዴ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ከ1728 ቃጠሎ በኋላ በፍርስራሹ ላይ ቀጥ ተደርጎ የተቀደደ አዲስ መንገድ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያወጣው የመካከለኛው ዘመን መንገድ ከጎኑ ያለው ቬስተርጋዴ ነበር። ስለዚህ «ስትሮየት የመካከለኛው ዘመን ነው» የሚለው አነጋገር ለምሥራቁ ክፍል ይሠራል፤ ለምዕራቡ ጫፍ አይሠራም። አስጎብኚዎች ይህን ሁልጊዜ ይዘሉታል፤ መዝለል ግን አልነበረባቸውም፤ በመንገዱ ላይ የሚታየው ትልቁ ልዩነት ይህ ነውና። ከፍሬዴሪክስቤርጋዴ ቀጥተኛነት ወደ ቪመልስካፍተት መጠምዘዝ ሲያልፉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሐንዲስ ገመድ ወደ መካከለኛው ዘመን እግር መንገድ እየተሻገሩ ነው።

የአካባቢው ጥንታዊነት በቁፋሮም ተረጋግጧል። በቬስተርጋዴ በኩል በ2008 በተደረገ ቁፋሮ የሳንክት ክሌመንስ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ተገኝቶ ከ1,000 በላይ አፅሞች ወጥተዋል። ለከተማው ባቡር ሮድሁስፕላድሰን ሲቆፈርም ቀደም ያለ መቃብር ተገኝቷል። ጳጳሱ አብሳሎን ከተማውን የተቀበለው በ1160ዎቹ ነው። ቁፋሮዎቹ የሚያሳዩት ከእርሱ በፊትም እዚያ ሰው ይኖር እንደነበረ ነው።

ታዲያ መንገዱ ይህን ያህል ካረጀ ቤቶቹ ለምን ወጣት ሆኑ? መልሱ እሳት ነው። የቤቶቹን ዕድሜ ለማወቅ እሳቶቹን መለየት ግድ ይላል።

የመጀመሪያው ጥቅምት 20 ቀን 1728 ማታ በምዕራቡ በር አጠገብ ተነሣ። እስከ ጥቅምት 23 ጠዋት ነደደ። ከከተማው 28 በመቶ ያህሉን፣ ከአሮጌው የመካከለኛው ዘመን ክፍል ደግሞ ግማሽ የሚጠጋውን አጠፋ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ከነመጻሕፍቱ የተቃጠለው ያን ጊዜ ነው። እሳቱ የተዛመተው ከምዕራብ ስለሆነ የመንገዱን ምዕራባዊና ሰሜናዊ ክፍል በላ፤ ኦስተርጋዴ ተረፈ። ሁለተኛው ሰኔ 5 ቀን 1795 ከሰዓት በኋላ በጋመልሆልም በባሕር ኃይሉ የእንጨት መጋዘን ተጀመረ። በሁለት ቀን 909 ቤቶችን አወደመ። የተነሣው ከደቡብ ምሥራቅ ነበር፤ የሳንክት ኒኮላይን ቤተ ክርስቲያን በልቶ ወደ ምዕራብ ተጓዘና በጋመልቶርቭና በኒቶርቭ መካከል የነበረውን የከተማ አዳራሽ ጨረሰ። አዳራሹ በ1728 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነበር። ሦስተኛው ከመስከረም 2 እስከ 5 ቀን 1807 እንግሊዞች ከተማውን በመድፍና በሮኬት የደበደቡበት ነው። እሱ ይበልጥ የጎዳው ከመንገዱ በስተ ሰሜን ያለውን፣ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ሰፈር ነው።

የእሳቶቹ አቅጣጫ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቤት ከ1728 ቃጠሎ ክልል ውስጥ ከሆነ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም ማለት ይቻላል። ከ1795 ክልል ውስጥ ከሆነም እንደዚሁ ነው። ከሁለቱም ውጪ ከሆነ ጥያቄው ክፍት ነው። የሁለቱንም ቃጠሎዎች ክልል የሚያሳዩ ካርታዎች አሉ፤ የማንኛውም ቤት ምርመራ መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እሳት የሚበላው ከመሬት በላይ ያለውን ነው፤ የምድር ቤት ግንብ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከ1795 በኋላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች በቀድሞው ምድር ቤት ላይ ቆመዋል። ስለዚህ ላይኛው ፎቅ የ1800 አካባቢ ሆኖ ምድር ቤቱ በመቶ ዓመት የሚበልጠው ቤት የተለመደ ነው። አስጎብኚው «ይህ ቤት የ1600ዎቹ ነው» ሲል ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ግን የቱ ክፍሉ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ከመንገዱ ላይ ቆመው በዓይን የሚለዩትን ልንገርዎ። የመጀመሪያው ደንብ የሱቁን መስኮት አለማየት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመንገዱ ላይ ያለው ምድር ወለል ሁሉ ለሱቅ ተብሎ ተፈነቃቅሏል። ግድግዳው ወጥቶ የብረት ምሰሶና ሰፊ መስታወት ገብቷል። የቤቱ ዕድሜ የሚነበበው ከአንደኛ ፎቅ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ከማዶ ሆነው ቀና ይበሉ፤ መንገዱ ከ10 እስከ 12 ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ ከሥሩ ሆነው ጣሪያውን አያዩትም።

ከ1728 በኋላ የተሠሩትን ዴንማርኮች «የቃጠሎ ቤቶች» ይሏቸዋል። ለእነዚህ ቤቶች አርአያ የሚሆን ንድፍ ያወጣው አርክቴክቱ ዮሃን ኮርኔሊዩስ ክሪገር ነው። ምልክታቸው ጠባብ ፊት፣ በጣሪያው መካከል እንደ ትንሽ ቤት ብቅ ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣ እንዲሁም ተራ በተራ የተደረደሩ ትናንሽ መስኮቶች ናቸው። በስትሮየት ላይ ከመፈለግ ይልቅ ከአማገርቶርቭ በስተ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ ተጉዘው ግሮብሮድሬቶርቭ ላይ ያሉትን ይመልከቱ፤ በተርታ ቆመው ዓይንን ያስተምራሉ። ብዙዎቹ የእንጨት አጽም አላቸው። ይህም በቋሚና በአግዳሚ እንጨት መካከል ጡብ የተሞላበት፣ ቢንዲንግስቬርክ የሚባለው አሠራር ነው። ከቃጠሎው በኋላ በመንገድ ፊት ለፊት ሊከለከል ታስቦ ነበር፤ ጡብና ገንዘብ ሲያጥር ግን ፈቀቅ ተደረገ። የዚህ መዘዝ በ1795 ታየ።

ከ1795 በኋላ ያለው ቁጣ የተሻለ ደንብ ወለደ። ዮርገን ሄንሪክ ራዌርትና ፔተር ማይን ያወጡት ዕቅድ መንገዶች እንዲቀኑና እንዲሰፉ፣ በመንገድ ፊት የእንጨት አጽም እንዳይኖር አደረገ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶችም ማዕዘናቸው በሰያፍ እንዲቆረጥ ታዘዘ። ምክንያቱ የውበት ጉዳይ አልነበረም። ረጃጅም መሰላል የጫነ የእሳት አጥፊ ጋሪ በጠባብ ማዕዘን መዞር ሲያቅተው በቃጠሎው ጊዜ ታይቷልና ነው። ዛሬ በአሮጌው ከተማ የተቆረጠ ማዕዘን ያለው ቤት ካዩ ከ1795 በኋላ ነው ብለው መነሣት ይችላሉ፤ ማዕዘኑ ስለታም ከሆነ ደግሞ ቆም ብለው ያጣሩ። ሌሎቹ ምልክቶች ለስላሳ ልስን፣ ከጣሪያው ሥር እንደ ጥርስ የተደረደሩ ጌጦች፣ በግድግዳው ጠፍጣፋ የተለጠፉ ዓምዶች ናቸው። በፎቆች መካከል የሚሄድ እንደ ማዕበል የሚጠቀለል ጌጥም አለ፤ ዴንማርኮች ይህን ጌጥ «የሚሮጥ ውሻ» ይሉታል። አንዴ ካወቁት በየቦታው ያዩታል።

ከደንቡ በላይ ግን ያልተሠራው ነገር ይናገራል። የከተማ አዳራሹ በቦታው ዳግመኛ አልተሠራም፤ ጋመልቶርቭና ኒቶርቭ አንድ ሰፊ ሥፍራ የሆኑት በዚህ ነው። የቀድሞው አዳራሽ መሠረት በመንገዱ ንጣፍ ላይ በድንጋይ ተለይቶ ይታያል፤ ሰዎች ሳያውቁት ይረግጡታል። አዲሱን አዳራሽና ፍርድ ቤት ክርስቲያን ፍሬዴሪክ ሃንሰን በኒቶርቭ ምዕራባዊ ጎን ከ1805 እስከ 1815 ሠራው። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ነው፤ በግንባሩም አገር በሕግ ትገነባለች የሚል ጽሑፍ አለበት። ከአማገርቶርቭ በስተ ደቡብ ያለው ሆይብሮ ፕላድስም እንደዚሁ የተቃጠሉ ቤቶች ዳግም ስላልተሠሩበት የተገኘ ክፍት ሥፍራ ነው፤ ለሚቀጥለው እሳት መግቻ እንዲሆን።

ከእሳቶቹ የተረፉትን በስም መጥራት ይቻላል፤ ጥቂት ናቸውና። አማገርቶርቭ ቁጥር 6 በ1616 ለነጋዴው ማቲያስ ሃንሰን የተሠራው ቤት ነው። ቀይ ጡብ፣ የአሸዋ ድንጋይ ጌጥ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል የኔዘርላንድ ስልት ግንባር አለው፤ ዛሬ የታዋቂው ሮያል ኮፐንሃገን ፖርሴሊን መሸጫ ነው። በዙሪያው ካሉት ለስላሳ የ1800ዎቹ ቤቶች ጋር ሲያነጻጽሩት የሁለት መቶ ዓመት ርቀት በአንድ እይታ ይታያል። ሁለተኛው የመንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1728 ተቃጥሎ በ1732 ዳግም ተከፈተ። ከጎኑ ያለው የመንፈስ ቅዱስ ቤት የሚባለው ረጅም ሕንጻ ግን ከመካከለኛው ዘመን እንዳለ ቆሟል። የመነጨውም ጳጳሱ ዮሃንስ ክራግ በ1296 ለድሆችና ለሕሙማን ከመሠረተው ተቋም ነው። አስጎብኚዎ በመንገዱ ላይ እውነተኛ የመካከለኛው ዘመን ቤት ሊያሳይዎ ከፈለገ ማቆም የነበረበት እዚህ ነው።

የጡብ መለኪያም ይያዙ። የመካከለኛው ዘመን ጡብ «የመነኩሴ ጡብ» ይባላል፤ ትልቅ ነው፤ በግምት 28 በ14 በ8 ተኩል ሴንቲ ሜትር። የዛሬው የዴንማርክ መደበኛ ጡብ 22.8 በ10.8 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ልስን በሌለበት ግድግዳ ላይ ቁመቱን መለካት ብቻ ብዙ ይነግርዎታል። ወጥመዱ ግን ይህ ነው፤ የመነኩሴ ጡብ ውድ ስለነበር ከፈረሰ ቤት ተነቅሎ በአዲስ ግድግዳ ይገባ ነበር። ጡቡ ሲያረጅ ግድግዳው አረጀ ማለት አይደለም። በፊት ግድግዳው ላይ በብረት የተሠሩ የዓመት ቁጥሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ ብረቱ የግድግዳውና የወለሉ ማሰሪያ ጫፍ ነው፤ ቤቱ ሲታደስ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ አልፎ አልፎም አዲስ ይሠራል።

ወደ መዝገቡ እንሂድ። የኮፐንሃገን ቤት ምርመራ የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው፤ በቁጥር። የመንገድ ቁጥር የተጀመረው በ1859 ነው። ከዚያ በፊት ቤት የሚጠራው በሰፈርና «ማትሪክል» በሚባል የይዞታ ቁጥር ነበር። ከተማው በሰፈሮች ተከፍሎ እያንዳንዱ ሰፈር ከ1 ይቆጥር ነበር። የስትሮየት መስመር ብዙ ሰፈሮችን ይነካል፤ ከእነርሱም ቬስተር፣ ስናረንስ፣ ፍሪማንስና ኦስተር ይገኙባቸዋል። የባሰው ነገር ቁጥሮቹ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ መሰጠታቸው ነው፤ በ1689፣ በ1756 እና በ1806። ስለዚህ «ኦስተር ሰፈር ቁጥር 40» ብሎ ያለ ዓመት የተጻፈ ነገር ምንም አይነግርም። የ1787 እና የ1801 የሕዝብ ቆጠራ የሚጠቀሙት የ1756ን ቁጥር ነው። ከ1834 ጀምሮ እስከ 1850ዎቹ ያሉት ቆጠራዎች የ1806ን ይጠቀማሉ፤ ከ1860 ጀምሮ የመንገድ ስምና ቁጥር አለ። ይህን ያላወቀ ሰው የጎረቤቱን ቤት ታሪክ ጽፎ የራሱ ነው ይላል። እጅግ ብዙ የታተሙ ስሕተቶች የመጡት ከዚህ ነው።

አሠራሩ ከአሁን ወደ ኋላ ነው። ከዛሬው አድራሻ ይነሡና የአሁኑን ማትሪክል ያግኙ። ከዚያ ወደ 1806 ቁጥር፣ ከ1806 ወደ 1756፣ ከ1756 ወደ 1689 ይመለሱ። ቁጥሮቹን የሚያዛምዱ ሠንጠረዦች በመዝገብ ቤቶች ይገኛሉ። እያንዳንዱን እርምጃ በካርታ ያረጋግጡ፤ ክርስቲያን ጌዴ በ1757 ሰፈር በሰፈር ያነሣው ካርታ እያንዳንዱን ይዞታ ከነቁጥሩ ያሳያል። ሁለት ይዞታዎች ከቃጠሎ በኋላ የተዋሐዱበት ወይም አንዱ የተከፈለበት ቦታ ላይ ሠንጠረዡ ያሳስታል፤ ካርታው ግን ያድናል። የማዕዘን ቤት ሁለት አድራሻ ሊኖረው ስለሚችል በሁለቱም መንገዶች ስም ይፈልጉ።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ሦስት መዛግብት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይነግሩዎታል፤ አያምታቱዋቸው። የሕዝብ ቆጠራ ማን ይኖር እንደነበር ይነግራል እንጂ ማን ባለቤት እንደነበር አይደለም፤ በስትሮየት ቤቶች አብዛኞቹ ነዋሪዎች ተከራዮች ነበሩ። የትውልድ ቦታ የተጻፈው ከ1845 ቆጠራ ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት አይፈልጉት። ስለ ባለቤትነት የሚናገሩት «ስኮዴ» የሚባሉት የሽያጭና የይዞታ ማስተላለፊያ ሰነዶች ናቸው፤ ከአንዱ ባለቤት ወደ ቀደመው እየተመለሱ እንደ ሰንሰለት ይከተሏቸዋል። ስለ ሕንጻው ራሱ የሚናገረው ሦስተኛው ነው፤ የእሳት መድን ግምት። ኮፐንሃገን ከ1728 ቃጠሎ ተምራ በ1731 የእሳት መድን አቋቋመች፤ ገማቾች እያንዳንዱን ቤት እየዞሩ ጻፉ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ ይህ ነው። ቤቱ ስንት ፎቅ እንዳለው፣ ግድግዳው ሙሉ ጡብ ይሁን የእንጨት አጽም፣ ርዝመቱና ስፋቱ ስንት እንደሆነ ይነግርዎታል። መለኪያው «አለን» ነው፤ አንዱ አለን 62.77 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእንጨት ቤት ደግሞ በ«ፋግ» ይቆጠራል፤ ይኸውም በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ግምቱ የፊቱን ቤት፣ የጎኑን ቤት፣ የጓሮውን ቤት ለየብቻ ይጽፋል። ይህ ለስትሮየት እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የፊቱ ቤት ተቃጥሎ ወይም ፈርሶ አዲስ ሲሠራ የጓሮው ሊቆይ ይችላልና። ከበሩ አልፈው ግቢ የመግባት ዕድል ካገኙ አይለፉት፤ የእንጨት አጽም ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከኋላ ነው።

ሰነዶቹ በብሔራዊ መዝገብ ቤት በሪግስአርኪቨትና በኮፐንሃገን ከተማ መዝገብ ቤት ይገኛሉ። የሕዝብ ቆጠራዎች በምስል ተነሥተው በነጻ ይታያሉ። ከ1890 እስከ 1923 በከተማው ለነበሩ ሰዎች ፖሊስ የያዛቸው የአድራሻ ካርዶችም በስምና በመንገድ ይፈለጋሉ። ከ1770 ጀምሮ የታተመው የነጋዴዎችና የነዋሪዎች ማውጫም አለ፤ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው እርሱ ነው፤ አንድ ሱቅ በየትኛው ዓመት እንደገባና እንደወጣ ዓመት በዓመት ያሳያል። የሱቅ ፊት መቼ እንደተቀየረ ለማወቅ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን የግንባታ ፈቃድ ሥዕሎች ይጠይቁ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ብዙ አይጠብቁ።

ሰዎች ቶሎ የሚያምኑት የመንግሥት የሕንጻ መዝገብ ግን ለአሮጌ ቤት ደካማ ምስክር ነው። ቢቢኤር የሚባለው ይህ መዝገብ የተቋቋመው በ1970ዎቹ ለአስተዳደርና ለግብር ሲሆን የግንባታ ዓመት ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ምድር ቤቱ የ1600ዎቹ፣ ፊቱ የ1797፣ ሱቁ የ1890ዎቹ ለሆነ ቤት አንድ ቁጥር ሊበቃው አይችልም። የጥበቃ ሥር ያሉ ሕንጻዎች መዝገብ የተሻለ ነው፤ የጥበቃው ሕግ ከ1918 ጀምሮ አለ፤ የጥበቃ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ክፍል መቼ እንደተሠራ ለይቶ ይጽፋል።

ንባቡ መጀመሪያ ይከብዳል። እስከ 1870ዎቹ ድረስ ዴንማርኮች የሚጽፉት በጎቲክ የእጅ ጽሕፈት ነው። አምስተኛዋ የላቲን ፊደል (e) በዚህ ጽሕፈት «ኤን»ን ትመስላለች፤ ረጅሙ «ኤስ» ደግሞ «ኤፍ»ን። ከቤተሰብ ስም አይጀምሩ፤ ከሥራ ስም ይጀምሩ። ጫማ ሠሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ቢራ ጠማቂ የሚሉት ቃላት በየገጹ ስለሚደጋገሙ የጸሐፊውን እጅ ያስለምዱዎታል። በኮምፒዩተር ሲፈልጉ ደግሞ ዛሬ ከላዩ ቀለበት ያለበት «ኤ» (å) ሆኖ የሚጻፈው ፊደል እስከ 1948 በሁለት «ኤ» (aa) ይጻፍ እንደነበር ያስታውሱ፤ በአንዱ ካላገኙ በሌላው ይሞክሩ። ቀን ሲያሰሉም ዴንማርክ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሻገረችው በ1700 መሆኑን አይርሱ፤ ከየካቲት 18 በቀጥታ ወደ መጋቢት 1 ተዘለለ።

የቀረው የእግረኛው ጉዳይ ነው። ስትሮየት ለመኪና የተዘጋው ኅዳር 17 ቀን 1962 ነው፤ በሙከራነት። ቀድሞም ለገና ሰሞን ጥቂት ቀናት ይዘጋ ስለነበር ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ጉዳዩን የገፉት የከተማው ሹም አልፍሬድ ቫሳርድ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ማስፈራሪያም ደርሶባቸው በፖሊስ ተጠበቁ። ነጋዴዎች ገበያችን ይሞታል አሉ። በጋዜጣም ዴንማርካዊ ጣልያን አይደለም፣ በዚህ ብርድ ውጪ የሚቀመጥ የለም ተባለ። ሙከራው በ1964 ቋሚ ሆነ። በዓለም የመጀመሪያው አለመሆኑን ለማወቅ ሁለት ከተማ መጥቀስ ይበቃል፤ የሮተርዳም ላይንባንና የካሰል ትሬፐንሽትራሰ ሁለቱም በ1953 ተከፍተዋል። ልዩነቱ እነዚያ በጦርነት በፈረሰ ከተማ ላይ ከመነሻው ለእግረኛ ታስበው የተሠሩ መሆናቸው ነው። ኮፐንሃገን ያደረገችው መኪና ይነዳበት የነበረውን የመካከለኛው ዘመን መስመር ቤት ሳታፈርስ ለእግረኛ መመለስ ነው። በእኔ ግምት የስትሮየት እውነተኛ ክብር ይህ ነው፤ የሐሰት የአንደኝነት ማዕረግ አያስፈልገውም። አርክቴክቱ ያን ጌል በ1960ዎቹ ሰዎች በዚህ መንገድ ላይ የት እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚቀመጡ መቁጠር ጀመረ። በ1962 ከመኪና ነጻ የነበረው 15,800 ካሬ ሜትር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 96,000 አድጎ ነበር፤ የመኪና ማቆሚያውም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይቀነስ ነበር።

በአማገርቶርቭ የሚረግጡት ባለ አምስት ቀለም የግራናይት ንጣፍ የሠዓሊው ቢዮርን ኖርጎር ሥራ ነው፤ የተነጠፈው በ1993 ነው። ከአጠገቡ ያለው የሽመላ ፏፏቴ የ1894 ነው። ማለትም በአንድ አደባባይ ላይ ቆመው የ1616 ቤት፣ የ1894 ፏፏቴና የ1993 ወለል በአንድ ጊዜ ያያሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር፤ ዕድሜ ጠገብ ቤቶች የቆሙበትን መንገድ ማየት ከፈለጉ ከስትሮየት ወደ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ ተጉዘው ማግስትሬዴ ይግቡ። ቁጥር 17 እና 19 በ1640 ገደማ የተሠሩ ናቸው፤ በከተማው ካሉ ጥንታዊ የመኖሪያ ቤቶች መካከል ይቆጠራሉ። መንገዱ ራሱ ከባሕር በተሞላ መሬት ላይ የተሠራ ነው፤ የቀድሞው የባሕር ዳርቻ ከጀርባው ባለው በኮምፓግኒስትሬዴ በኩል ያልፍ ነበር። ጠዋት በማለዳ ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ በጎን ስለሚያርፍ የግድግዳው መጣመምና የእንጨቱ ቅርጽ ከልስኑ ሥር ጎልቶ ይታያል።